የዳምጠው ሆድ

እኔ በተወለድኩበት ከተማ «አልገባኝም» ማለት ነውር ነው። ሰው ቤት ገብቶ የቀረበለትን ምግብ ገፍቶ ከመነሳት አይተናነስም። ነገር የሚነግርህ ሰው ደክሞልሃል፤ አልገባኝም ስትለው ድካሙን መልሰህ በጁ አስያዝከው ማለት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ስለ በሽታችን ሲነግረን ገባን እንላለን። ዳኛው ሲፈርድብን ገባን እንላለን። መንገድ የጠፋበት እንግዳ በማናውቀው ቋንቋ ሲጠይቀን እንኳ ገባን ብለን በእጃችን አንዱን አቅጣጫ እናሳየዋለን። ይህ ጨዋነታችን በሩቅ አገር ሁሉ የታወቀ ነው። እንግዳም ብዙ አይመጣብንም።

አዳፍሬ እባላለሁ፤ ኮርቻ ሠሪ ነኝ። ትዕግሥት የለኝም፤ ይህን ባለቤቴ አስረበብ ለጎረቤት ሁሉ ስለነገረች ብደብቀውም አያዋጣኝም። የምጽፈው ዳምጠው የሚባል አውሬ በከተማችን ላይ ያደረሰውን ነው። ከመጀመሪያው እጀምራለሁ። ከመሃል የሚጀምር ታሪክ ከእንግዲህ አልወድም።

ዳምጠው የእውነት አውሬ አይደለም፤ ሥዕል ነው። የከተማችን የሥዕል ቤት ሠዓሊዎች በእጃቸው እየሣሉ፣ በመብራት ነጭ ግድግዳ ላይ እያንቀሳቀሱ፣ ዓርብ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሚያሳዩን ተከታታይ ታሪክ ነው። ስሙን ያወጣንለት እኛ ነን። የረገጠውን ሁሉ ስለሚደፈጥጥ በመንገድ መዳመጫው ከባድ መኪና ስም ጠራነው። ራሱ ደመና ይነካል፤ ሲተነፍስ የቤት ክዳን ይነሳል።

በመጀመሪያው ዓመት ታሪኩ እንዲህ ነበር። የዳምጠው ግልገል ጠፋበት። ግልገሉን ፍለጋ ከሐይቅ ወጣ። ሲዞር ወፍጮ ቤቱን ረገጠው፣ ድልድዩን ረገጠው፣ ገበያውን ሊረግጥ እግሩን አነሳ። አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ከመደቧ ተነስታ፣ ወገቧን ይዛ፣ «አንተ፣ የምትረግጥበትን አታይም?» አለችው። ዳምጠው ጎንበስ ብሎ አያት። ረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ እግሩን ቀስ አድርጎ በሽንኩርቶቹ ላይ አሻግሮ ሄደ። ያን ቀን በአዳራሹ ውስጥ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ሰው አልነበረም። ታናሽ ወንድሜ ይርዳው ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። ይርዳው ትልቅ ሰው ነው፤ ጢም አለው።

ሥዕሉ ሲያልቅ በር ላይ ወይዘሮ ደብሪቱ ትቆማለች። የበሩ ጠባቂ ናት። የሚወጣውን ሁሉ በየተራ «ገባህ? ገባሽ?» ትላለች፤ ሁሉም «ገባኝ» ብሎ ያልፋል። የመጨረሻው ሰው ሲወጣ ሠዓሊዎቹ ወዳሉበት መስኮት ቀና ብላ «ሁሉም ገብቷቸዋል» ብላ ትጮኻለች። በዚያ ዓመት እውነቷን ነበር።

በሁለተኛው ዓመት ሌላ አውሬ መጣ፤ የዳምጠው ወንድም ነው ተባለ። ይሁን አልን። ቀጥሎ ወንድሙ ወንድሙ እንዳልሆነ፣ ራሱ ዳምጠው ከሚመጣው ዘመን ወደኋላ ተመልሶ እንደሆነ ተነገረን። ገባን አልን። ከዚያ የብረት ሰዎች መጡ። የብረት ሰው ማለት ዳምጠውን የሚያህል፣ ደረቱ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ተቀምጦ የሚነዳው ተዋጊ ነው። ጎረምሳው ሁልጊዜ ያዘነ ነው። ዳምጠው ሊመታው እጁን ሲያነሳ ጎረምሳው አባቱን ማስታወስ ይጀምራል። አባትየውም በተራው የራሱን አባት ያስታውሳል። እነሱ ሲያስታውሱ የዳምጠው እጅ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ከዘር እስከ አጨዳ ይቆያል። በዚያ ዓመት ገበሬው ሁሉ አንገቱን ወደላይ ሰቅሎ ነበር የሚያርሰው።

ከዚያ በኋላ መልካቸው አንድ የሆኑት የተለያዩ ሰዎች ሆኑ፤ መልካቸው የተለያየው ደግሞ አንድ ሰው ሆኑ። የሞተው ይመለሳል፣ የተመለሰው መሞቱን አያውቅም። ይባስ ብሎ ታሪኩ በአዳራሹ ብቻ የማይገኝ ሆነ። አንዱ ክፍል በፀጉር አስተካካዩ መስታወት ላይ ተሥሎ ተለጠፈ፤ ያልተላጨ አያየውም። አንዱ በሳሙና መጠቅለያ ላይ ታተመ፤ እጃችን ንጹሕ ሆነ። አንዱ ክፍል ደግሞ የሚታየው ከወንዙ ማዶ ባለችው ከተማ ብቻ ነበር። ጎረቤቴ ከነቤተሰቡ ስንቅ ቋጥሮ ሄደና አየው። ሲመለስ ምን አየህ ብንለው «አሁን ሁሉም ነገር ተያያዘ» አለን። ከምን ጋር እንደተያያዘ ግን አልነገረንም፤ እኛም ገባን ብለነው ተለያየን።

በዚህ መሃል አዳዲስ ሙያዎች በቀሉ። አስታዋሽ የሚባል ሰው መጣ፤ ካጠገብህ ተቀምጦ «ይሄኛው ያኔ የሞተው ነው» እያለ በጆሮህ የሚያንሾካሹክ ነው። ባለጸጋ ሰው ሁለት አስታዋሽ ይዞ ይገባል፤ ሁለቱ በጆሮው ላይ ሲከራከሩ ሥዕሉ ያልቃል። ከሁሉም በላይ ሊቀ ገላጭ ውብሸት ተሾመ። በአዳራሹ ጎን የማብራሪያ ክፍል ተሠራለት። ደንቡ እንዲህ ነው፦ በር ላይ አልገባኝም ያለ ሰው ወደዚያ ገብቶ ይብራራለታል፤ ሳይገባው አይወጣም። ክፍሉ ከተሠራ ጀምሮ የገባበት ሰው ግን የለም። ሊቀ ገላጭ ውብሸት ዓርብ በመጣ ቁጥር ካባውን ለብሶ፣ ወንበሮቹን ወልውሎ፣ በሩን ገርበብ አድርጎ ይጠብቅ ነበር።

እኔና ይርዳው አንድ ሱቅ ነበረን። እኔ የኮርቻውን እንጨት እጠርባለሁ፤ እሱ ቆዳውን ይወጥራል፣ ይሰፋል። አባታችን ሲያስተምረን እንዲህ ከፋፍሎ ነው ያስተማረን፤ የማንለያይ መስሎት ነው። ጠቡ የመጣው በአንድ ዓርብ ነው። በዚያ ቀን ሥዕሉ ላይ፣ የታሪኩ ከተማ በሙሉ ከነገበያዋ፣ ከነሽንኩርት ሻጯና ከነብረት ሰዎቿ፣ የምትኖረው በዳምጠው ሆድ ውስጥ ነው ተባለ። ገባን ብለን ወጣን። መንገድ ላይ አንድ ሰው ዳምጠው እንደሚያመሰኳ አነሳ። የሚያመሰኳ እንስሳ ደግሞ ሆዱ አንድ አይደለም። ታዲያ ከተማዋ ያለችው በስንተኛው ሆድ ነው?

እኔ ሁለተኛው ሆድ ነው አልኩ። ለምን እንዳልኩ አላስታውስም፤ እርግጠኛ እንደነበርኩ ግን አስታውሳለሁ። ይርዳው ሦስተኛው ነው አለ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ በእኛ ሱቅ ሁለት ሞኝ ነበረ። ከተማውም እንደኛው ሁለት ተከፈለ። የሁለተኛ ሆድ ሰው ጋቢውን በቀኝ ትከሻው መደረብ ጀመረ፣ የሦስተኛ ሆድ ሰው በግራው። የሁለተኛ ሆድ ሰው ከሦስተኛ ሆድ ሰው ጋር ከአንድ ማዕድ አይቀርብም ተባለ። ማን እንዳለው አይታወቅም፤ ግን ተባለ።

ሱቃችንን በመሃል ግድግዳ አበጀንለት። ከዚያ ወዲያ እኔ ሙሉ ኮርቻ ብቻዬን መሥራት ጀመርኩ፣ ይርዳውም ብቻውን። የኔ ቆዳ በፀሐይ ይሰነጠቃል። የሱ እንጨት የበቅሎን ጀርባ ይልጣል። ሰው በየሆዱ ስለሚገዛ፣ የሦስተኛ ሆድ በቅሎዎች ጀርባቸው ቆሰለ፣ የሁለተኛ ሆድ ሰዎች ደግሞ ኮርቻቸው መንገድ ላይ እየተበጠሰ ከነጋቢያቸው ወደቁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ማለት ይሄ ነው። በቅሎዎቹ ስለ ዳምጠው ምንም አስተያየት አልነበራቸውም።

እንዲህ እያለን ዓመታት ሄዱ። አንድ ከተማ፣ አንድ ግቢ፣ አንድ የአባት መቃብር እያለን እኔና ወንድሜ ሰላምታ ተነፋፈግን። ይከፋኝ ነበር። ጠዋት ግድግዳው ማዶ መርፌው ቆዳውን ሲበሳ ስሰማ ይከፋኝ ነበር። ግን እሱ ይጀምር እል ነበር። እሱም ግድግዳው ማዶ እንደኔው ይል ነበር መሰለኝ።

ልጄ እናኑ ለጋብቻ ደረሰች። የወደደችው አምባቸው የሚባል ንብ አርቢ ነው። ከተራራው ማዶ የሚኖር፣ ዳምጠውን አይቶ የማያውቅ፣ ስለ ሆድም ስለ ምንም ወገን የሌለው ልጅ ነው። ድግሱ ተደገሰ፣ ቀኑ ለእሑድ ተቆረጠ።

አሁን ልማዳችንን ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ሙሽራን ከቤት የሚያወጣት የአባቷ ወንድም ነው። በራፍ ላይ ቆሞ፣ እጇን ይዞ፣ አንድ የምክር ቃል ይነግራታል፤ ከዚያ ደፉን ያሻግራታል። የአባቷ ወንድም ሞቶ ከሆነ ሌላ ዘመድ ይተካዋል። በሕይወት እያለ ከቀረ ግን ሠርግ የለም። ድግሱ ለጎረቤት ይታደላል፣ ሙሽራው ወደ መጣበት ይመለሳል፣ ልጅቷም ያለ ስሟ ስም ይወጣላታል። እናኑ ያላት አጎት አንድ ነው።

ሽማግሌ ላክሁ። ይርዳው በክብር ተቀበላቸው፣ ጠላ ቀዳላቸው፣ ከዚያ «ወንድም ጋሼ ሦስተኛው ሆድ ነው ይበል እንጂ እኔማ ሮጬ ነው የምመጣው» አላቸው። ይህን ሲነግሩኝ ደሜ ፈላ። «ብሞት አልልም» አልኩ። ሽማግሌዎቹ እኩሎቹ ከሁለተኛ ሆድ፣ እኩሎቹ ከሦስተኛ ሆድ ስለነበሩ፣ ከቤቴ ሲወጡ በሁለት መንገድ ተለያይተው ሄዱ።

ሐሙስ ዕለት እናኑ የሠርግ ልብሷን እያጣጠፈች ነበር። አታለቅስም፤ ልጄ አልቃሻ አይደለችም። ዝም ብላ ታጥፋለች፣ ትዘረጋለች፣ ታጥፋለች።

«አባዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ።

«ጠይቂኝ።»

«ሁለተኛው ሆድ ማለት ምንድን ነው?»

«እንዴት ምንድን ነው? ስንት ዓመት አብረሽኝ አይተሽ።»

«አውቃለሁ። ግን ሰው ለምን አላገባሽም ብሎ ሲጠይቀኝ የምመልሰው እንዲኖረኝ ነው። በደንብ ንገረኝና ልያዘው።»

አፌን ከፈትኩ። የጎረምሳው አባት ትዝ አለኝ፣ የአባትየው አባት ትዝ አለኝ፣ አየር ላይ የቀረው እጅ ትዝ አለኝ። ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለልጄ የሚሆን አንድ ዓረፍተ ነገር አጣሁ።

«ነገ ዓርብ ነው። አስተውዬ አይቼ እነግርሻለሁ» አልኳት።

«አጎቴም እንደዚሁ ነው ያለኝ» አለችና ልብሱን ሳጥን ውስጥ ከተተችው።

በማግስቱ ቀድሜ ገባሁ። አስታዋሽ አጠገቤ ሊቀመጥ ሲል በክርኔ ገፋሁት። ይርዳው ከመተላለፊያው ማዶ ተቀምጧል፤ አገጩን በመዳፉ ይዞ ወደፊት ተደፍቷል። ሥዕሉ ተጀመረ። አንድ ሰው በር ከፈተ። በሩ ውስጥ ሌላ በር አለ። እሱንም ከፈተው። አንዲት ሴት «ይህን በር ከመክፈትህ በፊት ከፍተኸዋል» አለችው። እሱም «የከፈትኩት እኔ ብሆን ኖሮ አንቺ አትኖሪም ነበር» አላት። ከሩቅ ዳምጠው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፤ ያውም በመስኮት። ከዚያ መብራት ሆነ፣ የሆነ ሰው ጮኸ፣ አለቀ።

እኔ ዓይኔን ሳልነቅል ነው ያየሁት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን አስተውዬ ምንም አይቼ አላውቅም፤ እንጨት ስጠርብ እንኳ። ምንም አልያዝኩም። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው የሆነብኝ። ተናደድኩ። በሠዓሊዎቹ ተናደድኩ፣ በጎረምሳው ተናደድኩ፣ በአባቱም ጭምር። ስመኘው የነበረው እኮ ትልቅ ነገር አይደለም፤ አንድ ትልቅ አውሬ እንዲመጣና እንድፈራ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ወንድሜን ያጣሁት? ለዚህ ነው ልጄ በቤት የምትቀረው? ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ።

ለመውጣት ተሰለፍን። ይርዳው ከፊቴ ነበር፤ በመካከላችን ጥቂት ሰዎች አሉ። ተራው ደረሰ።

«ገባህ?» አለችው ወይዘሮ ደብሪቱ።

ይርዳው ጋቢውን በግራ ትከሻው ላይ አስተካከለ።

«ይርዳው፣ ገባህ ወይ? ሰው ቆሟል።»

«አልገባኝም፣ እማማ።»

«ምን አልከኝ?»

«አልገባኝም። ምንም አልገባኝም። የወንድሜ ልጅ ጠየቀችኝ፣ ልነግራት ብዬ አስተውዬ አየሁ። የለም፤ የምነግራት ነገር የለኝም።»

ጋቢውን በቀኝ የደረበ አንድ ሰው ከኋላዬ ወገቤን ነካ አድርጎ «አዳፍሬ፣ አሸነፍከው እኮ። የሦስተኛ ሆዱ አለቃ አልገባኝም አለ» አለኝ። እውነት ለመናገር ለአፍታ ደስ አለኝ። ስንት ዓመት የጠበቅኩት ነው። ከዚያ የይርዳውን ጀርባ አየሁት። ትከሻው ወደ ጆሮው ወጥቷል። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈራ እንዲያ ነው የሚያደርገው፤ አባታችን ሲቆጣ እንዲያ አድርጎ ከኋላዬ ይቆም ነበር። አሁን ግን የሚከለልበት ማንም የለም፤ ብቻውን ነው የቆመው።

ከሰልፉ ወጣሁና አጠገቡ ሄድኩ።

«እማማ ደብሪቱ፣ እኔም አልገባኝም።»

«ተው እንጂ አዳፍሬ፤ ሰው ይሰማሃል።»

«ይስማ። ከሁለተኛው ዓመት ጀምሮ አልገባኝም።»

ይርዳው ሳይዞር «ከሁለተኛው?» አለ።

«የዳምጠው ወንድም ከመጣ ጀምሮ።»

«እኔ እንኳ እስከ ብረት ሰዎቹ ችዬ ነበር» አለ።

ከስንት ዓመት በኋላ የተነጋገርነው የመጀመሪያ ነገር ይሄ ነው።

ደንብ ነውና ወደ ማብራሪያ ክፍል ገባን። ሊቀ ገላጭ ውብሸት ሲያየን ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ እንደገና ተነሳ። ካባውን አስተካከለ።

«ሁለት ሰው?» አለ።

«ሁለት።»

«ተቀመጡ፣ ተቀመጡ። ውሃ ትጠጣላችሁ? ከየት ልጀምርላችሁ?»

«ከሆዱ» አለ ይርዳው። «ሁለተኛው ነው ወይስ ሦስተኛው?»

ውብሸት ግራ ተጋባ። «የምን ሆድ?»

«የዳምጠው ሆድ ነዋ። ከተማዋ ያለችበት።»

«ዳምጠው ሆድ የለውም» አለ ውብሸት። ቀስ ብሎ፣ እንደ ሐኪም ነው የነገረን። «ከተማዋ ሆድ ውስጥ ናት የተባለው የጎረምሳው አባት ሲያልም ነው። በሚቀጥለው ዓርብ ነቅቷል። በግልጽ ነው የነቃው፤ ተንጠራርቶ፣ ፊቱን ታጥቦ።»

እኔና ይርዳው ተያየን። በሚቀጥለው ዓርብ ምን እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን። በሚቀጥለው ዓርብ አዳራሹ ሙሉ ሰው ሥዕሉን ትቶ ስለ ሆድ ሲጨቃጨቅ ነበር። እኔ የወንድሜን ክታብ በጥሼ ነበር፤ እሱ ባርኔጣዬን ረግጦ ነበር። ግድግዳው ላይ ሰውየው ፊቱን ሲታጠብ ያየው የለም።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልነገርከንም?» አልኩት፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«የጠየቀኝ የለማ። እኔ የማብራራው አልገባኝም ላለ ሰው ነው። በየዓርቡ በሩን ከፍቼ ተቀምጫለሁ» አለ ውብሸት። ዓይኑ እንባ አቀረረ። ያ ሰው ታሪኩን በሙሉ፣ ከሳሙናው እስከ መስታወቱ፣ ብቻውን የተረዳ ሰው ነው። የሚያጫውተው ግን አልነበረውም።

በሩ ተንኳኳ። ያ ወገቤን የነካው ሰው ነበር፤ «እኔም አልገባኝም» ብሎ ጥግ ላይ ተቀመጠ። ከሱ ኋላ ጎረቤቴ ገባ፤ ማዶ ከተማ ድረስ ሄዶ ሁሉም ነገር የተያያዘለት። ከዚያ ሁለት አስታዋሾች ተጣልተው እንደነበረ ረስተው ተያይዘው ገቡ። ወንበር አለቀ፣ ወለሉ ሞላ፣ ወደ ሜዳው ወጣን። በመጨረሻ ወይዘሮ ደብሪቱ በሩን ቆልፋ መጣች። «እኔም ገብቶኝ አያውቅም። ስጠይቃችሁ የኖርኩት አንዳችሁ ትነግሩኛላችሁ ብዬ ነበር» አለችና ሣሩ ላይ ቁጭ አለች።

በዚያ ዓርብ «ሁሉም ገብቷቸዋል» የሚል ድምፅ ወደ መስኮቱ አልወጣም። ሠዓሊዎቹ ደንግጠው ወረዱ። አለቃቸው ወይዘሮ ማናህሎሽ ከፊት ነበረች፤ እስከ ክርኗ ቀለም ነክቷታል፣ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል።

«ሰው ሞተ?» አለች።

«አልገባንም» አልናት።

ሜዳውን ሞልተን እንዲህ ስንላት መጀመሪያ አላመነችም። ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። «በመጀመሪያው ዓመት ሁላችሁም ገባን አላችሁ። ቀሏቸዋል ማለት ነው፣ እንዳይሰለቹ አልንና ትንሽ አወሳሰብነው። ገባን አላችሁ። ጨመርን። ገባን አላችሁ። እነዚህ ሰዎች ምን ዓይነት ብልህ ናቸው እያልን በፍርሃት ነው የኖርነው። አሁንማ አንዱ ሠዓሊዬ ሌላው የሣለው ሳይገባው ነው የሚቀጥለው። ሲያሳዩኝ እኔም ገባኝ እላቸዋለሁ» አለች።

እሷም እኮ የከተማችን ልጅ ናት።

«ምን እንሣልላችሁ ታዲያ?» አለች።

አስረበብ ከሴቶቹ መሃል ተነሳች። ሚስቴ በአደባባይ አትናገርም፤ ለኔ ነው የምታስቀምጠው። «ግልገሉ ተገኘ ወይ?» አለች።

ሠዓሊዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ ወደ ሌላው፣ ሌላው ወደ ማናህሎሽ። ማናህሎሽ በቀለማም እጇ ፊቷን ሸፈነች።

«ረስተነዋል» አለች።

«እንግዲያው እሱን ሣሉ። አውሬው ይምጣ፣ እንፍራ፣ ግልገሉን ያግኝ፣ ይሂድ» አለች አስረበብና ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ ወደ ቤቱ ሄደ፤ ጥቂቶች ግን ጀንበር እስክትጠልቅ ከውብሸት ጋር ቆየን። ያላመንኩትን ልንገራችሁ፦ ስንጠይቀው፣ ሲመልስልን፣ እንደገና ስንጠይቀው፣ ከዚያ ሁሉ ጣጣ ውስጥ የሚያምር ነገር ወጣ። ያ በር የሚከፍተው ሰው ቤቱን ፍለጋ ነው ለካ። ይርዳው «እንዲህ ቢሉን ምን ነበረበት» አለ። ውብሸት ድምፁ ዘጋ፤ ደስታው ግን አልተዘጋም።

ወደ ቤት አብረን ሄድን። ሱቁ ጋ ስንደርስ ይርዳው ቆም አለ።

«ወንድም ጋሼ» አለኝ፣ «ያንተ ቆዳ ግን ይሰነጠቃል።»

«ያንተ እንጨት በቅሎ ይገድላል።»

«አውቃለሁ።»

«እኔም አውቃለሁ» አልኩት። በማግስቱ ጠዋት የሱቁን ግድግዳ ስናፈርስ ጎረቤት ሁሉ አቧራ በላ፤ ማንም አልተቆጣም። እንዲያውም በቅሎ ያለው ሁሉ መዶሻ ይዞ ሊያግዘን መጣ።

እሑድ ደረሰ። አምባቸው ከሚዜዎቹ ጋር በግቢው ቆሟል፤ ሙዚቃው ተነስቷል፤ ጋቢውን በቀኝ የደረበውም በግራ የደረበውም በአንድ ዳስ ተቀምጧል። አንዳንዱ ጋቢውን የት እንደሚያደርገው ጨንቆት አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀምጦታል። ይርዳው በበራፉ ቆመ። እናኑ ከጓዳ ወጥታ እጇን ሰጠችው። ሙዚቃው ቆመ።

ይርዳው በቤታችን በራፍ ብዙ ዓመት ያልቆመ ሰው ስለሆነ ቃሉ ተዘበራረቀበት። «እናኑዬ» አለ፣ «ቤትሽ ይሙቅ። የምትበይው አይጉደል፣ የሚበላልሽ አይጥፋ። ከአባትሽ የወረስሽው ቁጣ አለ፤ እሱን እዚህ ደፍ ላይ ተይው። ከኔ የወረስሽው እልህ አለ፤ እሱንም ተይው፤ እኛ እንጠርገዋለን። ባዶ እጅሽን ሂጂ፤ ግን ቶሎ ቶሎ ነይ።»

በልማዱ አሁን ልጅቷ ገባኝ ብላ ደፉን ትሻገራለች። እናኑ አልተሻገረችም። የአጎቷን እጅ አጥብቃ ያዘች።

«አልገባኝም፣ አጎቴ» አለች። «ድገምልኝ።»

በሠርግ በራፍ ላይ እንዲህ ያለች ሙሽራ በከተማችን አልነበረችም። ከእንግዶቹ መሃል ጉምጉምታ ተነሳ። ይርዳው ግን ፊቱ በራ። ከመጀመሪያው ጀመረ፤ አሁን ቃሉ አልተዘበራረቀበትም፤ ቤትሽ ይሙቅ አለ፣ ቁጣውን ተይው አለ፣ ቶሎ ቶሎ ነይ አለ።

«ገብቷታል እኮ፤ መጀመሪያውኑ ገብቷታል። እኔ ልጄን አውቃታለሁ» አለችኝ አስረበብ በጆሮዬ።

«እኔም አውቃታለሁ። ዝም በይ» አልኳት።

ሦስተኛም አስደገመችው። አምባቸው በፀሐዩ ላይ ቆሞ ይጠብቃል፤ የቸኮለ አይመስልም ነበር።